የማይጠጡት የወይን ሊቅ

በየጉባኤው ራሱ በማያደርገው ነገር ሊቅ የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። መንጃ ፈቃድ የሌለው የሾፌሮች መካሪ አለ፤ ላጤ ሆኖ ትዳር የሚያስተምርም አለ። በደቾች አገር፣ በሙርዋይክ ሰፈር ያለችው የእኛ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግን ከሁሉም የሚልቁትን ክቡር ጋሽ አስራትን ታድላለች። ጌታን ከተቀበሉ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታ ያልቀመሱ የፈረንሳይ ወይን ሊቅ ናቸው።

ጋሽ አስራት በተማሪነታቸው ለሦስት ዓመት መስከረም በመጣ ቁጥር ፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ ወርደው ወይን ለቅመዋል። እዚያ የተማሩትን ሁሉ ጉባኤው ሳይወድ ተምሯል፤ እኔ ግን ወድጄ። ቀይ ወይን ቀለሙን የሚያገኘው ከልጣጩ ነው፤ ጥቁሩን ፍሬ ጨምቀው ልጣጩን ቶሎ ከለዩት ነጭ ወይን ይወጣዋል። ፈረንሳዮች ደግሞ ጠርሙሱን ባብዛኛው የሚጠሩት በፍሬው ዘር ሳይሆን በበቀለበት ቦታ ነው። ጋሽ አስራት ለምን ቢባሉ፣ "መጀመሪያ አፈሩን ጠይቅ" ይላሉ። የተመቸው ተክል ቅጠል ያበዛል፤ ድንጋያማ አቀበት ላይ የተቸገረው ግን ጥቂትና ጣዕም የሞላው ፍሬ ይሰጣል። ይህን ትምህርት በሠርግም በለቅሶም በትራምም ሰምቼዋለሁ።

አንድ ቀን ስኪዳም ከተማ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ አንዲት ደች ሴትዮ ለዓሣ የሚሆን ወይን ስትፈልግ አገኟት። ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዷት።

"እርስዎ ይሄኛውን ቀምሰውታል?" አለች በመጨረሻ።

"እኔ አልጠጣም" አሉ በኩራት።

ሴትዮዋ ጠርሙሱን መልሳ ቢራ ይዛ ሄደች።

ምኞታቸው አንድ ነበር። በከተማው ዳር በተከራዩዋት የአትክልት ቦታ ስድስት ዓመት ወይን አሳደጉ፤ የጌታ እራት ጽዋ አንድ ጊዜ እንኳ ከእጃቸው ፍሬ እንዲቀርብ። የዛሬ ሦስት ዓመት በጥቅምት ፍሬው በቃ። ፓስተር ባዩም ፈቀዱ።

"ግን አደራ ጋሽ አስራት፤ ወንድም ተካልኝ ከመጠጥ ከተላቀቀ ገና አራት ዓመቱ ነው።"

"ፓስተር፣ ስለ ወይን ለእኔ ይነግሩኛል?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠጅ ጌሾ ይፈልጋል፤ ወይን ግን እርሾውን በልጣጩ ላይ ይዞ ይወለዳል። ሲጨመቅ እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። ብርድ ያዘገየዋል፤ የሚገድለው እሳት ነው። ጋሽ አስራት ግን እሳት መዓዛውን ይወስደዋል ብለው ጭማቂውን ጥሬውን አጣሩና ዓርብ ዕለት አዳራሹ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጡት።

እሑድ ጠዋት እት ዕፀገነት ጽዋዎቹን ልትሞላ ስትመጣ ጠርሙሶቹ ማሞቂያው አጠገብ ወለሉ ላይ ነበሩ። አንዱን ስትከፍተው ፍሽሽ አለ።

"ጋሽ አስራት፣ ይሄ ነገር አረፋ አለው።"

ጎንበስ ብለው አሸተቱት። "ፈልቷል" አሉ ቀስ ብለው።

"ማነው ከፍሪጅ ያወጣው?" አሉ ፓስተር ባዩ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

"እሳት ያላሳየሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ ጋሽ አስራት። ኮታቸውን ደርበው ከሱፐርማርኬት ጭማቂ ሊገዙ ራሳቸው ወጡ።

ከአምልኮ በኋላ ደጅ፣ ዛፍ ሥር ወይኑን ሲደፉ ተከተልኳቸው።

"ጋሽ አስራት፣ ቅዳሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የእሑዱ ምሳ ድስት ፍሪጁ ውስጥ አልገባ ብሎኝ።"

"አውቃለሁ። የጸሐይወርቅ ድስት ይጠፋኛል?" ጸሐይወርቅ ባለቤቴ ናት።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ስለ እርሾ አሥር ዓመት የሰማኸኝ አንተ ብቻ ነህ" አሉ የመጨረሻውን ጠርሙስ እያንጠፈጠፉ። "አንተም አልሰማኸኝም ብዬ ለሰው ባወራ፣ ማን ይቀረኛል?"

በዓመቱ ጭማቂው እሳት አይቶ ለጽዋው ቀረበ። ሁላችንም ጠጣን፤ እሳቸው ብቻ መዓዛው ሄዷል ብለው ሁለት ሳምንት አዘኑ።

አሁን የምሠራውም የምኖረውም አምስተርዳም ነው። የካቲት ሲገባ ግን ባቡር ይዤ ሙርዋይክ እሄዳለሁ፤ ጋሽ አስራት ወይናቸውን የሚገርዙት ያኔ ነው። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው፣ መቀስ ይዤ አጠገባቸው እቆምና፣ "ጋሽ አስራት፣ ይሄኛውን ቅርንጫፍ ለምንድነው የምንቆርጠው?" ብዬ እጠይቃለሁ።

መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ።