የጋሸናው ሸንጎ ሊቀመንበር

ወንበር የሚወድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የእኛው ላሊበላ ግን አንዱን ከነወንበሩ ወልዳዋለች፤ ክቡር ጓድ ደርበውን!

በአገራችን ደንብ የክብር ቦታ ሲሰጡህ «ኧረ አይገባኝም!» ብለህ ትግደረደራለህ፤ ትለመናለህ። ጓድ ደርበው ግን መግደርደር አልፈጠረባቸውም። ሽማግሌው ሁሉ «እርስዎ ይቀመጡ»፣ «የለም፣ እርስዎ» ሲባባል እሳቸው ቁጭ ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ!» እንዲህ እንዲህ እያሉ የእድሩም የቀበሌውም ሊቀመንበር ሆኑ። በሰው ሠርግ ላይ መራቂውን ቄስ «አባታችን፣ ሰዓት ይከበር» ያሉ ናቸው እኮ! እኔማ ሲመረጡ አንድም ቀን እጄን አውጥቼላቸው አላውቅም።

በ1971 ክረምት ባለቤቴን ብርቅዬን ምጥ አስጨነቃትና በሹፌሩ በሞላ የጭነት መኪና ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይዣት ወጣሁ። ጓድ ደርበውም ለስብሰባ (ለሌላ ለምን ይሄዳሉ?) ከኋላ ተጭነዋል። ጋሸናን እንዳለፍን ናዳ መንገዱን ዘግቶታል። የተረፈችው ክፍተት አንድ መኪና ብቻ ታሳልፋለች። ወዲህም ወዲያም መኪና ተደርድሯል። የአስመራው ሹፌር በትግርኛ፣ የሐረሩ አብዱልጀባር በኦሮምኛ፣ የእኛው ሞላ በአማርኛ «እኔ ልቅደም!» ይላል። ወደ ኋላ የሚል ጠፋ። ብርቅዬ ጋቢና ውስጥ ታቃስታለች፤ እኔ ማርያም ማርያም እላለሁ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ!»

ወይ ጉዴ! አሁንስ አበዙት አልኩ።

«መጀመሪያ ሰብሳቢ ይመረጥ። ጓድ አብዱልጀባርን እጠቁማለሁ» አሉ።

«የራሱን መኪና ሊያስቀድም!» ብለው ሌሎቹ ጮኹ። የአስመራውን ጠቆሙ፤ ያው ጩኸት። ሞላን ጠቆሙ፤ ባሰ።

«እንግዲያው መኪና የሌለኝ እኔው ሸክሙን ልቻለው» ብለው የተገለበጠ በርሚል ላይ ጉብ አሉ። እጅ ሁሉ ወጣ። የእኔም ወጣ።

«አንደኛ አጀንዳ፤ ምጥ የያዛት ታልፋለች። ሁለተኛውን እሷ ካለፈች በኋላ እንወያይበታለን።»

ይኼኔ አብዱልጀባር «ሐቅ ነው!» ብሎ መኪናውን ወደ ኋላ አስጠጋ፤ የቀሩትም ተከተሉት። ስናልፍ ዞር ብዬ አየሁ፤ ጓድ ደርበው በዝናብ በርሚላቸው ላይ ናቸው። የተቀረውን ተራ ሲያስይዙ የወልድያው ስብሰባ አመለጣቸው።

ብርቅዬ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። በክርስትናዋ ዕለት ሰው ሁሉ የክብሩን ወንበር ይገባበዛል። ጓድ ደርበው በር ላይ ቆመዋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

ሕፃኗን አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ኧረ… አይገባኝም» አሉ።

ጆሮዬን አላመንኩም። እጃቸውን ይዤ፣ ስለ ማርያም ብዬ፣ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ጓድ ደርበውን ለመንኳቸው።