ውሃ በመጣ ቀን ብሎካችንን ባዶ ያስቀረሁ ጀግና

ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ብነግራችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። አልፈርድባችሁም።

ሲቪል ኢንጂነር መሆኔን ታውቃላችሁ። የምኖረው ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከጎናችን ለአዲስ ሕንፃ ትልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር የእኛ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ጎረቤቱ ሁሉ እንቅልፍ አጣ። እኔም ደረቴን ነፍቼ "ሴንሰር እገጥማለሁ" አልኩ።

ገጠምኩ። ምሰሶዎቹ ላይ ያለው ጫና ከልክ ሲያልፍ ስልኬ ይጮኻል። በቃ፣ የሰፈሩ ሳይንቲስት ሆንኩ።

ዛሬ ጮኸ። ሁሉም ምሰሶ ቀይ! ቁጥሩ ደግሞ ዓይኔ እያየ ይጨምራል።

ነፍሴ ልትወጣ ነበር፣ የምር። ለአደጋ ጊዜ እንደሚደረገው የብሎኩን የውሃ ፓምፕ አጠፋሁና በደረጃው እየሮጥኩ በሩን ሁሉ ደበደብኩ። "ውጡ! ቧንቧ ዘግታችሁ ውጡ!"

ሰው በፎጣ፣ በነጠላ ጫማ፣ ግማሹ ከነሳሙና አረፋው ወረደ። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ አራስ ልጃቸውን ከነሕፃኗ ደግፈው ከአራተኛ ፎቅ አወረዱ።

ግቢው ውስጥ ቆመን ሕንፃውን አየነው። እሱም እኛን አየን። ስልኬን ሳይ ቁጥሩ መጨመሩን አቁሟል።

እትዬ ዘይነባ ጠጋ ብለው፣ "የኔ ልጅ፣ ውሃ እኮ ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ መምጣቱ ነበር። ታንከሬ ገና ግማሽ አልደረሰም" አሉኝ።

ክው አልኩ።

ጣሪያችን ላይ የሁሉም ቤት ታንከር ተደርድሯል። እኔ የሴንሰሩን ልክ ያስተካከልኩት ሁሉም ባዶ እያለ ነው። ዛሬ ሁሉም በአንዴ ሲሞላ ጫናው ጨመረ፤ ፓምፑን ሳጠፋው ደግሞ ቆመ። ኮልፌ ተወልጄ ያደግኩት ሰውዬ፣ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ረሳሁ!

ሮጬ ፓምፑን አበራሁ። አየር ብቻ። ውሃው ሄዷል።

ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። አራሷን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ከአየር ጤና ሰፈር በጀሪካን ውሃ አምጥቼ እስከ ቤቷ ተሸከምኩ።

ሴንሰሩን አውጥተው ይጥሉታል ብዬ ስጠብቅ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ መጡ። "እንዳትነካው። ውሃ መምጣቱን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። ሲጮህ ደውልልን፣ ከሥራም ቢሆን እየሮጥን እንገባለን" አሉ። ሁሉም ደስ ብሎት ስልኬን መዘገበ። የአደጋ ማንቂያ ነው ብዬ ባስረዳቸው፣ ባስረዳቸው የሚሰማኝ ጠፋ።

ቁፋሮው ደግሞ እንደቀጠለ ነው። ሕንፃው የምር መፍረስ ሲጀምር ስልኬ ይጮኻል፤ ጎረቤቴ በሙሉ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ውስጥ ይሮጣል።

እናንተዬ፣ ያን ቀን ምን ብዬ ነው የማስቆማቸው?