ከአሥራ ሁለት አንድ ሲቀነስ

ጠንቃቃ ሰው መደመር ይወዳል፤ መቀነስ ግን ያስፈራዋል። እኔን ውሰዱ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንኳ ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ስሄድ ካፖርት ደርቤ፣ ጃንጥላ ይዤ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም በመደመር የሚቀድመኝ የለም።

ታዲያ የልጅ ልጄ የፍሬሕይወት መምህርት፣ ልጆች ሂሳብ የሚገባቸው ቤት ውስጥ እውነተኛ ነገር ሲያቅዱ ነውና አግዟቸው ብላ ላከችብን። እኔ ደግሞ ጭንቅ ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚካኤል ማኅበር ተራዋ ደረሰ። አባላቱ አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ በየወሩ አንዷ ትደግሳለች፣ ዓመቱ ይሞላል። ጳጉሜን ምስኪኗ ብቻ ደጋሽ የላትም። የፍሬሕይወት እናት ደብረ ብርሃን ሥራ ላይ ናት፣ ፈቃድ አላገኘችም። ስለዚህ ያ ሁሉ ድግስ በእኔና በአንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ቢጎድልብን ሴቶቹ አይቆጡም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። በርኅራኄ “እንግዲህ እርስዎም ይረፉ” ብለው ጽዋውን ይዘው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የባለቤቴን ስም እየጠራ በዚህ በር የሚገባ ማን አለ?

ፍሬሕይወት እርሳሷን አሹላ ስንት ሰው እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። አሥራ ሁለት አልኳት።

“አባባ፣ እማማ እኮ የለችም። አንድ ይቀነሳል” አለችኝ፤ እማማ የምትለው አያቷን ነው።

ሂሳቡ ልክ ነው። አሥራ አንድ ብላ ጻፈች፤ አባዛች፤ የዳቦውን ዱቄት በጣሳ ሰፈረች። ዞር ስትል አንድ ጣሳ ጨመርኩበት። ጎረቤታችን ጋገረችልን።

በቀኑ ጸሎት ተደርሶ ዳቦው ተቆረሰ፤ ለአሥራ አንዱም ደረሰ። ይኼኔ የማኅበሩ መሪ ወይዘሮ አስካለ፣ “የእሷስ ድርሻ የታለ? ለነፍሷ የሚቀበል የኔ ቢጤ በር ላይ ቆሟል እኮ!” አሉ። ፍሬሕይወት ደንግጣ አየችኝ። ቀስ ብዬ ከጓዳ የተረፈውን ዳቦ አወጣሁ።

“አባባ! ሂሳቤን አበላሹት አይደል?” ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ሳቁ።

ቀጥሎ የፈራሁት ጥያቄ መጣ፤ በሟቿ ቦታ ማን ይግባ? ፍሬሕይወት ብድግ ብላ “እኔ” አለች። አንዷ፣ “አንቺ ከመብላት በቀር ምን ታውቂያለሽ?” ብትላት፣ “ስንት እንደሚበቃ አውቃለሁ። ከአባባ እሻላለሁ” ብላ መለሰች። እንደገና ተሳቀ። ወይዘሮ አስካለ ግን አልሳቁም፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ “ትግባ። እስክታድግ አባባሽ ይደግሳሉ” ብለው ፈረዱ። የሚቀጥለው ዓመት ጭንቀቴ እዚያው ጀመረ።

ፍሬሕይወት በማግስቱ የቤት ሥራዋን ጽፋ ወሰደች። ከአሥራ ሁለት አንድ ሲቀነስ፣ አሥራ ሁለት። መምህርቷ በቀይ ኤክስ አድርጋ መለሰችላት።

“ሄደው ይንገሩልኝ” ብላ አለቀሰች። እኔ መምህር የምጋፈጥ ሰው ነኝ? ደብተሩን ተቀብዬ ከቀዩ ኤክስ ጎን የራይት ምልክት አደረግሁላት። ደማቅ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ግን በእርሳስ። ምናልባት መጥፋት ካለበት ብዬ።