ወይዘሮ ጣና ከተማችንን ሊጎበኙ የመጡ ዕለት

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም እንደ ተራ ሰው ሕልም እንዳትሰሙብኝ። ሌላው ሰው ቢያልም፣ ቢያልም ጥርሱ ይወልቃል ወይም ከገደል ይወድቃል። እኔ፣ ቢያድግልኝ የሚባለው ሰውዬ፣ ግን ጋደም ስል ከተማ በሙሉ ነው የሚገለበጠው። በባሕር ዳር አስጎብኚነት ጸጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። ከእኔ በፊት ይህችን ከተማ በወጉ ያያት ሰው ስለመኖሩም እጠራጠራለሁ።

በሕልሜ ወደ ጀልባ መሳፈሪያው እየሄድኩ ነበር። መንገዱ ላይ ባጃጆቹን ተሳፋሪዎች በገመድ ይጎትታሉ፤ ሾፌሮቹ ከኋላ ወንበር ተንፈላሰው «ኧረ እንደ በላ ሰው ሩጡ!» እያሉ ይቆጣሉ። የከተማው ኃላፊዎች ደግሞ ከረባታቸውን እንዳሰሩ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው አንዲት ቆሎ ሻጭ እስክታናግራቸው ይጠብቃሉ።

«ዛሬ ሲስተም የለም። ነገ ተመለሱ» አለቻቸው፣ ቀና እንኳ ሳትል።

አመስግነው ተበተኑ።

መሳፈሪያው ጋ የእንግዶች መረጃ የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ። ዛሬ ግን የተጻፈው ሌላ ነው፦ «ክቡራን ጎብኚዎች! ሰው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው። ከምሳ በኋላ ያንቀላፋል፣ አይቀስቅሱት። ሰውን በእጅ መመገብ ክልክል ነው። ሰው የሚናገረውን አፍልተውና አጣርተው ካልሆነ አይውሰዱ።»

«ጎብኚው ማነው ታዲያ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ዞር በል፣ እንግዳ እየወረዱ ነው» አለኝ አንድ ድምፅ። ዩኒፎርም የለበሰ ጉማሬ ነው። የሸሚዙ ቁልፎች ሊበጠሱ ደርሰዋል።

ወደ ሐይቁ ዞር ስል ሐይቁ የለም። እስከ ጎርጎራ ድረስ ጭቃ ብቻ ተንጣሏል። ደሴቶቹ እግራቸው ተገልጦ አፍረው ቆመዋል፣ ታንኳዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። በጭቃው መሐል አንዲት ግዙፍ ሴትዮ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ይመጣሉ። ቀሚሳቸው ሰማያዊ ነው፤ ጫፉ ይንጠባጠባል። እምቦጩን፣ ያን የሐይቅ አረም፣ እንደ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመውታል። ሻንጣ ይዘዋል፤ ካሜራም አንጠልጥለዋል። ጣና ናቸው፤ ወይዘሮ ጣና! እኛ ስንጎበኛቸው ኖረን፣ ተራቸው ደርሶ ሊጎበኙን መጡ።

«አስጎብኚው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«የአገሪቱ አንደኛ ነኝ፣ እሜቴ። አንዳንዶች የአፍሪካ ይላሉ፤ እኔ ዝም እላቸዋለሁ።»

ጉማሬው ሻንጣቸውን አንስቶ ጆሮዬ ሥር ተጠጋ። «ያላቸው አንድ ቀን ነው። ከተማው ካላስደሰታቸው ዛሬውኑ በአባይ ድልድይ በኩል ጠቅልለው ይወጣሉ። ከወጡ መመለስ የለም።»

«ወዴት ነው የሚወጡት?»

«የተሻለ ወደሚይዛቸው ከተማ ነዋ!»

እኔ ሳላጋንን የምናገረው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ ጣና ከሄዱ ባሕሩ ሄዶ ዳሩ ብቻ ነው የሚቀረን። ዓሣ የለ፣ ጀልባ የለ፣ እኔም የለሁ። ወገቤን ጠበቅ አድርጌ ጉብኝቱን ጀመርኩ።

«በቀኝዎ የሚያዩት ዘንባባ የተተከለው ከኖኅ በፊት ነው» አልኳቸው።

«ኖኅን አውቀዋለሁ። ስለ ዘንባባ አንድም ቀን አላነሳልኝም።»

«ማረፊያም አዘጋጅተናል። ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያይ ክፍል ነው!» አልኩ፣ አፌ ለምዶበት።

«አንተ ሰው፣ ሐይቁ እኔ ነኝ። እኔን የሚያይ ክፍል ምን ያደርግልኛል? እናንተን የሚያይ ክፍል አምጣ።»

ሆቴሉን በጓሮ ዞረው አዩት። ከግድግዳው ሥር አንድ ወፍራም ቱቦ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ዳርቻው ይወርዳል። ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«ይሄ የት ነው የሚደርሰው?»

«እ... ወደ ታች ነው፣ እሜቴ።»

«ታች ማን አለ?»

«እርስዎ።»

«አሃ! ስንት ዘመን ሙሉ ይሄን የሚልክልኝ ማነው ስል ከረምኩ! ላኪው ተገኘ!» ብለው ፎቶ አነሱት።

ነገር ለማስቀየስ ደሴቶቹን ላሳያቸው አልኩ። እጃቸውን አወናጨፉ። «አንዳንዶቹ ገዳማት ሴት አይገባም ብለውኛል። እስኪፈቅዱልኝ ይኸው ዙሪያቸውን ከብቤ ቁጭ እንዳልኩ ነው። ሌላ አሳየኝ።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ወደ ዓሣ ቤት ወሰደኝ። ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን በሙሉ እንግዳ በስድስት ሰዓት ዓሣ ሳበላ ኖሬያለሁ! ወንበር ሳብኩላቸውና «ለእንግዳዬ ከቆሮሶ ዓሣው ሙሉውን፣ ጠበስ አድርጋችሁ!» ብዬ አዘዝኩ። መጣ። ሎሚ በጎኑ፣ ሚጥሚጣ በራስጌው።

ወይዘሮ ጣና ሳህኑን አዩት። ሳህኑም አያቸው።

«ይሄ የእኔ ልጅ ነው» አሉ በቀስታ።

በላተኛው ሁሉ እጁን ከሳህኑ ሰበሰበ። በመስኮት አሻግረው ሲያዩን የነበሩት የሐይቁ ወፎች፣ ይብራዎቹ እንኳ ምንቃራቸውን ዘጉ።

«ትናንት ተቆጥቼው ወጣ። ይመለሳል ብዬ...» ድንገት ብድግ አሉ። «በሎሚ! ልጄን በሎሚ! ጉማሬ፣ ተነስ፣ ሻንጣዬን!»

ወደ ድልድዩ ነጎዱ። እኔ ከኋላ ከኋላ እየሮጥኩ «እሜቴ፣ የዛሬው እኮ ምንም አይደለም፤ ዋናው ጉብኝት የነገው ነው!» እላለሁ። ማን ይስማኝ! ይባስ ብሎ የከተማው ሰው ወደ ደረቁ ጭቃ ወርዶ ችካል ይተክላል። ደላሎች ሐይቁ መሐል ቆመው «ሐይቅ ዳር ያለ ቦታ! ጥቂት ነው የቀረው!» እያሉ ይጣራሉ። አንዱማ «ቢያድግልኝ፣ ና እንጂ፣ ላንተም ይዘንልሃል!» ብሎ እጁን አውለበለበልኝ።

«ሐይቅ የሌለበትን ሐይቅ ዳር ለአባትህ ሽጥለት!» አልኩት።

ድልድዩ ላይ ቀድሜ ደረስኩ። አስፋልቱ ላይ በጀርባዬ ተዘርግቼ ተኛሁ። ቁመቴ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው፤ በሕልምም ሆነ በውን እንዲህ ያለ ቁመት ነው ያለኝ።

ጉማሬው መጥቶ ከላዬ ቆመ። «ተነስ!»

«አልነሳም።»

«ሕጉ እንግዳ ልሂድ ካሉ ይሸኙ ይላል።»

«እኔ ደግሞ ልሂድ ያለን እንግዳ ቁጭ ከሚያደርግ አገር ነኝ! ከፈለግህ እርገጠኝና እለፍ። ግን እወቀው፤ ነገ በዚህ ድልድይ የሚያልፍ ሁሉ እዚህ ነው የተረገጠው ብሎ ያሳየኛል። የምጎበኘው እኔ እሆናለሁ!»

እግሩን አነሳ። ከታች ስመለከተው ጫማው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ያክላል። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ይልቅስ ወደ ወይዘሮ ጣና ዞሬ ጮኽኩ።

«በሞቴ! አፈር ስሆን! ሳይቀምሱ አይሄዱም!»

«ልጄን አቅርበህልኝ ደግሞ ይቅመሱ ትለኛለህ?»

«ያ የእኔ ምግብ አይደለም፤ የከተማው ነው። የእኔን ገና አልቀመሱም። በሞቴ!»

ከጃኬቴ ኪስ ባለቤቴ አንጓች የቋጠረችልኝን የሽሮ ፍትፍት አወጣሁ። እንደተኛሁ ጠቅለል አደረግሁና እጄን ወደ ላይ ሰደድኩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ከዘጌ እስከ ደቅ ድረስ ተከፈተ። እጄ እስከ ትከሻዬ ገባ። አላመጡ። እንደገና አላመጡ።

«በቃ፣ ቀምሰዋል። ተነስ!» አለኝ ጉማሬው።

«አንድ ጉርሻማ አይሆንም! ምን አደረጉኝና ነው በአንድ የምሸኛቸው?» አልኩና ሁለተኛውን ጠቀለልኩ።

«ኧረ ጠገብኩ» አሉ፣ አፋቸው ግን ተከፍቷል።

«ምኑን ጠገቡት? ከየት አምጥተው?»

ጎረሱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ፊቴን ትክ ብለው አዩት። «ይሄን ሽሮ ማን ሠራው?»

«አንጓች።»

«ታዲያ እሷ እያለች አንተን ማነው አስጎብኚ ያደረገህ?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ማዕበል ሆነ። ባለ ችካሎቹ ሱሪያቸውን እየሰበሰቡ ሽቅብ ተፈተለኩ። ደላሎቹ «ሸጠናል፣ አንመልስም!» እያሉ ዛፍ ላይ ወጡ። ወይዘሮ ጣና ሻንጣቸውን ከጉማሬው ቀምተው ድልድዩ ላይ አስቀመጡና እላዩ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«በማን ፈቃድ ነው የሚቀመጡት?» አለ ጉማሬው፣ ቁልፎቹ አንድ በአንድ እየተበጠሱ።

«በእኔ ፈቃድ! ለላከህ ሁሉ ንገር! ቢያድግልኝ አላሳልፍም አለ በል!»

ውሃው ወገቤ ደረሰ፣ ደረቴ ደረሰ። ሦስተኛውን ጉርሻ እንደያዝኩ አንገቴ ደረሰ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ፦ «በሞቴ! ሳይቀምሱ አይሄዱም!»

አንድ ነገር ግንባሬን መታኝ። ነቃሁ። ነግቷል። አንጓች ከቅዳሴ ተመልሳ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ባዶ ጀሪካን ይዛ ከራስጌዬ ቆማለች።

«ውሃ መጥታ ነበር» አለችኝ።

«የት?»

«ቧንቧው ላይ ነዋ! ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥታልህ! ጎረቤት ሁሉ በርሜሉን ሞልቷል። አንተን ሊነግሩህ በሩን ቢደበድቡ፣ ቢደበድቡ፣ ከውስጥ ‹በሞቴ፣ ሳይቀምሱ አይሄዱም› እያልክ ስትጮህ ሰምተው ትልቅ እንግዳ አለበት ብለው፣ አፍረው ተመለሱ።»

«ታዲያ አሁንስ?»

«ሄደቻ!»

«አትሄድም! አስቀምጫታለሁ!» ብዬ በካናቴራ ወደ ግቢ ወጣሁ፤ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ቧንቧው ረጅም አየር ተነፈሰ፣ አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዲት ጠብታ ጣለና ዝም አለ።

«አየሽ?» አልኳት።