የየሺን ሳቅ ስለማሰር

ሚያዝያ 12 ቀን 1956 ዓ.ም. በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ በጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ የሽማግሌዎች ኮሚቴ ተሰበሰበ። አባላቱ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ስለመጡ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦ ሰብሳቢ አቶ ውቤ አድማሱ፤ አባል ግራዝማች አድማሱ፣ የሰብሳቢው ወላጅ አባት፤ አባልና ጸሐፊ ጓዴ ሀይሌ። ባለጉዳዮች፦ አቶ ካሳ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደጊቱ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው የሺ። አስረጂ፦ የጤና ጣቢያው የሕክምና ረዳት፣ ድሬሰር ታፈረ።

አጀንዳ 1፦ የልጅ አእምሮ ሲታወክ ለሕክምናው የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

አቶ ካሳ ልጃቸው ታናሽ እህቷ ከተቀበረች ወዲህ ለቅሶ ቤት ሳይቀር እንደምትስቅ ገልጸው፣ አስረው ጸበል ሊወስዷት መቁረጣቸውን አስታወቁ። ድሬሰሩ ከማሰር በፊት ልጅቱን ለብቻዋ ላነጋግራት አሉ። አቶ ካሳ «የልጄ አፍ እኔ ነኝ፤ የሚጠየቅ ካለ እኔን ጠይቁ» በማለት ተቃወሙ። ወይዘሮ ደጊቱም «ፈቃጁም አፉም አንተ ከሆንህ፣ አንተው ታሰርላት!» ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ አንድ ደጋፊ አግኝቶ ነበር፤ ደጋፊዋ ልጅቱ ስለሆነች አልተቆጠረም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ያለምክንያት የሚስቅ ልጅ ሁሉ ሳይጠየቅ በአባቱ ፈቃድ ብቻ እንዲታሰር ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ በድንገት የተነሣ

ሰብሳቢው ውሳኔውን ቆመው ሲያነቡ የሺ ሳቀች። ሊገሥጿት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሳቁም አልቆም አለ። ግራዝማች አድማሱ ብድግ ብለው «ልጄ ነው፤ ፈቅጃለሁ። ገመዱን አምጡ!» አሉ።

ሰብሳቢው የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው መሆናቸውን አስታወሱ። ግራዝማች «ለእኔ ትናንት የተወለድህ ነህ» ሲሉ መለሱ። ከረጅም ትግል በኋላ ሰብሳቢው ታሰሩ። ጸሐፊው በታሰረ ሰብሳቢ መቀጠል ይቻል እንደሆነ ጠየቀ፤ ይቻላል ተባለ።

ሰብሳቢው ግን «ምነው፣ ሰው አይደለሁም? ለምን እንደሳቅሁ አንድ ሰው እንኳ አይጠይቀኝም?» ብለው ጮኹ።

ድሬሰሩ ወደ የሺ ዞረው «አንቺስ ለምን ትስቂያለሽ?» አሏት።

«እህቴ የሞተች ዕለት አባዬ ‹አታልቅሺ፣ እናትሽን ትገድያታለሽ› አለኝ። እንባዬ ሲመጣብኝ እስቃለሁ።»

አቶ ካሳ ብለዋል አላሉም የሚለው ለክርክር አልቀረበም፤ አቶ ካሳ አለቀሱና። የሺም አባቷን አይታ አለቀሰች። ጉባኤው ለጥቂት ጊዜ አጀንዳ አልነበረውም።

ከዚያም ልጅቱ እናቷ ደጅ ተቀምጠውላት ከድሬሰሩ ጋር ለብቻዋ ለመነጋገር፣ ጸበሉም ያለገመድ ከሆነ ለመሄድ እሺ አለች። አቶ ካሳ «እሷ እሺ ካለች ይሁን» አሉ።

አጀንዳ 3፦ ሰብሳቢውን ስለመፍታት

ለማሰር የአባት ፈቃድ ካስፈለገ ለመፍታትም ያስፈልጋል ተባለ። ግራዝማች ግን እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ሊቀሰቅሳቸው የደፈረ አልተገኘም። ስለዚህ ከረጅም ውይይት በኋላ ስለ ማሰር ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ሰብሳቢውም እንዳልታሰሩ እንዲቆጠሩ በነቁት አባላት ሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ድምፁ የተሰጠው በሹክሹክታ ነው።

ስብሰባው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተበተነ፤ ግራዝማች እንደተኙ ናቸው።