ጋሼ አራርሳና የጋቢናው መብራት

በየከተማው፣ ሐኪም የሰጠውን ክኒን መጀመሪያ ለዶሮ አቅምሶ፣ ዶሮዋ ደህና ከዋለች ብቻ የሚውጥ አንድ ሰው አይጠፋም። የመቱው ሊቀ ፈታሾች ሾፌሩ ጋሼ አራርሳ ነበር። ጣሊያን ጥሎት በሄደው አሮጌ የጭነት መኪና ከያዮ ቡና ያመላልሳል።

«ሳላይ አላምንም» ነው ነገሩ ሁሉ። ከነጋዴው ከሰማን ሱቅ ጃንጥላ ሲገዛ ዝናብ እስኪመጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠብቋል፤ መቱ ደግሞ ዝናብ ብዙ አያስጠብቅም። ጨለማ በፈራ ቁጥር የሚዘፍነው ረዳቱ ፉፋ በወባ ሞቶ ሊቀበር ሲልም ሳጥኑን አስከፍቷል። ለቀስተኛው ጉድ አለ። አራርሳ አየ፣ አመነ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

መዘዙ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ጫካው ውስጥ ሲመሽበት፣ በመኪናው የፊት መስታወት ላይ፣ ፉፋ ይቀመጥ በነበረበት በኩል፣ የሰው ፊት ይታየው ጀመር። እንጀራው መሪው ነው፤ እሱኑ ለሌላ ሊያስረክብ ምንም አልቀረውም።

«ጋሼ፣ የዳሽቦርዱ መብራት ነው መስታወቱ ላይ የሚያንጸባርቅብዎት» አለው መካኒኩ ነዚፍ። «የመብራቱን ማደብዘዣ ቁልፍ ያዙሯት፣ ይጠፋል።»

«ሳላይ አላምንም።»

ማደብዘዣዋን በካቻቢቴ ነቅሎ ቤቱ ወሰዳት። አመሻሹ ላይ ከባትሪና ከአንዲት አምፑል ጋር በሽቦ አገናኝቶ መስኮቱ ፊት ተቀመጠ። ሚስቱ ዋሪቱ በሩ ጋ ቆማለች። ከጎኑ ያለው በርጩማ ባዶ ነው።

አምፑሏ በራች፤ የመስኮቱ መስታወት ላይ የራሱን ፊት አየ። ቀስ አድርጎ ሲያዞራት ብርሃኑ ደበዘዘ፣ ፊቱም አብሮ ጠፋ። ማደብዘዣዋ ደህና ናት። «ተመስገን» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ከባዶው በርጩማ ትይዩ ሌላ ፊት መስታወቱ ላይ ቀርቷል። እሱ አልደበዘዘም።

«ዋሪቱ፣ ይታይሻል?»

«ኤዬ» አለች ዝግ ብላ። «ፉፋ ነው።»

አምፑሏ ጭልጭል እያለች ነው። ከመስኮቱ ውጭ ይሁን ከውስጥ ያልታወቀ የዘፈን እንጉርጉሮ ተሰማ።

«ማሎ፣ እባክህ አብራለት» አለች ዋሪቱ። «ያን ሁሉ ጫካ በጨለማ ልታስኬደው ነው?»

በማግስቱ ማደብዘዣዋን ቦታዋ መለሳት፤ እስከ መጨረሻው አብርቶም እንዳትዞር በሽቦ አሰራት። መሪውንም ለማንም አላስረከበም። ጋቢና ልሳፈር ያለውን ሁሉ «ሰው አለ» ይለዋል።

ተሳፋሪው ባዶውን ወንበር አይቶ «የታለ?» ሲለው፣ ሊቀ ፈታሾች ይቆጣል።

«ሁሉ ነገር ታይቶ ነው እንዴ የሚታመነው?»