ፀጉር ያልታሰረበት ሥራ

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ ግን «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትቸኩሉብኝ። በዚህኛው ተረት ላምም በረትም የለም። ያለው አንድ ትልቅ ዋርካ ነው፤ ዋርካው ላይ ደግሞ የጫካው ሥራ ሁሉ ተንጠልጥሏል።

በዚያ ጫካ እንዲህ ያለ ወግ ነበር። መሠራት ያለበት ነገር ያየ አውሬ ሥራውን ቅርፊት ላይ ጭሮ ዋርካው ላይ ይሰቅላል። «ይሄ የእኔ ነው» ያለ ደግሞ ከገላው አንድ ፀጉር ነቅሎ ቅርፊቱ ላይ ያስራል። ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ በቀቀንን ይጠይቃል። በቀቀን ቅርንጫፉ ላይ ተኮፍሶ «በወጉ ጠይቁ! የምን ሥራ? የማን? አልቋል ወይስ አላለቀም?» ይላል። የተጠየቀውን ሲደግመው ጦጣዎቹ እየተንጫጩ ይወጡና የተባለውን ብቻ ያወርዳሉ። የተባለውን ብቻ! ጦጣ እንደዚያ ታዛዥ ሆና ታይታ አታውቅም።

ጠዋት ጠዋት ሸንጎ ይቀመጣል። አያ አንበሶ ጎፈሩን ነስነስ አድርጎ ይጀምራል።

«የእኔ ፀጉር ያለበት፣ ያላለቀ ሥራ!»

ጦጣዎቹ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። «ባዶ!»

እልልታ! አያ ጅቦ ይከተላል። «የእኔ ፀጉር ያለበት፣ ያላለቀ!» «ባዶ!» እልልታ! ዝሆን ባዶ፣ ከርከሮ ባዶ፣ ዝንጀሮም ባዶ። ባዶ ከሆነማ ምን ቀረ? ጭፈራ ነዋ! እስክስታው ይቀልጣል። እንዲህ ሥራውን ጥንቅቅ አድርጎ የጨረሰ ጫካ ከየት ይገኛል? በጆሯችሁ ልንገራችሁ፤ ለካስ ሁሉም ፀጉሩን የሚያስረው ሥራው ካለቀ በኋላ ነበር!

ጭፈራው ያልጣማት እመት ጃርት ብቻ ነበረች። ቤቷ ከወንዙ ግድብ ሥር ነው፤ ግድቡ ደግሞ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ያየች ዕለት ቅርፊት ጭራ ሰቅላለች። ግንድ የምትገፋበት ጉልበት ስለሌላት ግን የራሷን እሾህ አላሰረችበትም፤ ጉልበት ያለው መጥቶ ያስራል ብላ ጠበቀች። ማን ይምጣ! የመጣው ውሃው ነው። ገብቶ የልጆቿን መኝታ አራሰው።

እመት ጃርት ሸንጎው መሐል ዘው ብላ ገባች፤ ጭፈራውንም አቋረጠች።

«በቀቀን ጌታዬ፣ የግድቡን ሥራ አውርድልኝ!»

«የማን?»

«የሁሉም!»

ጦጣዎቹ ወጡ። ያወረዱት ለጉድ ነው! የግድቡ ምርቃት ጭፈራ፣ የምርቃቱ ጭፈራ ልምምድ፣ ለግድቡ ስም ማውጣት፣ የወጣውን ስም መቀየር፣ አያ አንበሶን ግድቡ ላይ አቁሞ ማድነቅ። በእያንዳንዱ ላይ ያማረ ፀጉር ታስሮበታል፤ ሁሉም አልቋል።

«ኧረ ይሄን አይደለም! ያላለቀውን ነው የምልህ!»

«የግድብ ሥራ፣ ያላለቀ፣ የሁሉም!» ብሎ ጮኸ በቀቀን። ጦጣዎቹ ባዶ እጃቸውን ወረዱ። «ባዶ! ካልተገኘ ሥራው የለም ማለት ነው። እንኳን ደስ ያለሽ!»

«ምን ደስታ አለ? ልጆቼ እኮ ውሃ ውስጥ ነው የሚተኙት!»

«ውሃው በወጉ አልጠየቀኝም» አለና ላባውን ማበጠር ጀመረ።

እመት ጃርት ደሟ ፈላ። እሾኋ አንድ ሳይቀር ቆመ፤ አጠገቧ የነበረው አያ ጅቦ «ወይኔ አፍንጫዬን!» ብሎ ፈንጠር አለ።

«እንግዲያው የማንም ያልሆነውን አውርዱልኝ! ማንም ፀጉሩን ያላሰረበትን፣ ሁሉንም!»

ጦጣዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ዋርካው ከበቀለ ጀምሮ ተጠይቆ አያውቅም። በቀቀንም የተጠየቀውን መድገም ግዴታው ነውና እያነቀው ደገመው።

አቤት የወረደው! ቅርፊት ዘነበ ብላችሁ አትለፉት፣ ጫካው ተንዶ ወደቀ እንጂ። የተሰበረው ድልድይ፣ የደፈረሰው ምንጭ፣ እናቱ የጠፋችበት ግልገል፣ አያቶቻቸው የሰቀሉት ሳይቀር ተግተለተለ። ዝሆን እስከ ጆሮው ተቀበረ። ከርከሮ የት እንደገባ ጠፋ። ስንት ዘመን ጎብጦ የኖረው ዋርካ እፎይ ብሎ ቀጥ አለ! እመት ጃርት ክምሩን በርብራ የራሷን ቅርፊት አገኘችና ወደ ላይ አነሳችው።

«አገኘሁት! ይኸውላችሁ! አሁን ማን ይሠራዋል?»

አያ አንበሶ ከክምሩ ውስጥ አንገቱን አወጣና ቅርፊት ተፋ። «ይህን ጥያቄ ሁለተኛ የጠየቀ ወዮለት!» አለ።

«የወረደውስ ጌታዬ?» አለ ከርከሮ፣ ድምፁ ብቻ እየተሰማ።

አያ ጅቦ አፍንጫውን እያሻሸ ሳቀ። «እሱማ ቀላል ነው። ፈልጋ ያገኘችው እሷ፤ የእሷ ይሁን!»

ሸንጎው በጭብጨባ ተቀበለው። ያዟትና እሾኋን እየነቀሉ በየቅርፊቱ ላይ ማሰር ጀመሩ። «ኧረ ጀርባዬን! ኧረ በፈጣሪ!» ትላለች፤ እነሱ «እንኳን ደስ ያለሽ!» ይላሉ። ሲለቋት እንደ ተላጠ ድንች ሆና ነበር። ውርደቱ ከሕመሙ ይልቅ አንገበገባት። ግን አልቅሳ አልተቀመጠችም፤ ቤቷ ሄዳ ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ኮረብታው ላይ አወጣቻቸው።

በማግሥቱ ሸንጎው ተቀመጠ። አያ አንበሶ ባዶ! አያ ጅቦ ባዶ! ማንም ያላሰረበት ሥራ እንኳ ሳይጠየቅ ባዶ! ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ? እስክስታው እንደ ጉድ ቀለጠ። ዝሆን ደስታው ቢያቅተው መሬቱን ደለቀው፣ ደጋግሞ ደለቀው። ግድቡም ይህን ድለቃ አልቻለም፤ ስንጥቁ ተተረተረና ወንዙ ግልብጥ ብሎ ጭፈራው መሐል ገባ።

አያ ጅቦ ግንድ ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ታየ። በቀቀን «የማን ሥራ ነው? የማን?» እያለ በረረ። አያ አንበሶ ከጦጣዎቹ ጋር ተጋፍቶ የዋርካው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ ጎፈሩ ረጥቦ ጎኑ ላይ ተለጥፏል። ከዚያ ሆኖ ወደ ኮረብታው ጮኸ።

«እመት ጃርት! ግድቡ ያንቺ አልነበረም ወይ? ለምን ዝም አልሽ?»

እመት ጃርት ውሃው ያልደረሰባቸውን ልጆቿን በተላጠ ጎኗ አቀፈቻቸው።

«ዝም አላልኩም ጌታዬ፤ ስጮኽ ነው የከረምኩት» አለችው። «ጩኸቴ ላይ ግን የማንም ፀጉር አልታሰረበትም።»